ግንቡ ሲያድግ ግንበኛው እንዳይጎዳ

አገር በሕንፃና በመንገድ፣ በድልድይና በግድብ እንደምትለማ የማይረዳ ሰው የለም። በአዲስ አበባ ከተማ በየመንደሩ የሚቆመው ፎቅ፤ በየክፍለ ሀገሩ የሚዘረጋው መንገድ፤ በጉባ ምድር መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ፤ እነዚህ ሁሉ የሰው ጉልበት ያቆማቸው ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ሕንፃው አልቆ በሚመረቅበት ቀን የባለቤቱ ስምና የመሐንዲሱ ጥበብ ሲነገር፤ ድንጋዩን በትከሻው ተሸክሞ፣ አርማታውን በባሬላ ይዞ ከፎቅ ወደ ፎቅ የወጣው ሰው እንዴት ውሎ እንዴት እንደሚያድር፤ በልቡም ምን እንደሚያወጣና እንደሚያወርድ የሚጠይቅ እጅግ ጥቂት ነው። ዛሬ በዚህ ዐምድ ልንናገር ያሰብነው ስለዚህ ሰው ነው፤ ይኸውም ስለ እጁና ስለ እግሩ ደኅንነት ብቻ ሳይሆን ስለ አእምሮው ጤና ነው።

ከመወጣጫ ላይ የወደቀ ሰው ጉዳቱ ለሁሉ ይታያል። ባልንጀሮቹ ይሮጣሉ፤ መኪና ይፈለጋል፤ ሐኪም ይጠራል። በሐሳብ ብዛት ልቡ የተሰበረ ሰው ግን ሲወድቅ ድምፅ አይሰማም፤ ደሙም አይታይም። በማለዳ ተነሥቶ ከሥራው ይገባል፤ ሲጠሩት አቤት ይላል፤ የታዘዘውን ያነሣል፤ ስለዚህ ጤነኛ ይመስላል። ብዙ ሰው የአእምሮ ሕመም ሲባል የሚያስበው ልብሱን ጥሎ በየመንገዱ የሚዞረውን ሰው ብቻ ነው። ሐኪሞች የሚነግሩን ግን ሌላ ነው። እንቅልፍ ማጣት፤ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፤ ከባልንጀራ ተለይቶ ብቻን መቀመጥ፤ ያለ ምክንያት መቆጣት፤ ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ነገር ሁሉ መክበድ፤ ራስን እንደማይረባ መቍጠር፤ እነዚህ ለብዙ ቀን ሲሰነብቱ ሕመም መሆናቸውን ያስረዳሉ። ይልቁንም ወንድ ልጅ «አዘንሁ» ማለትን ስለሚያፍር ሕመሙን በሰውነቱ ላይ አድርጎ ይናገረዋል፤ ራሴን ያመኛል፣ ወገቤን ይቈርጠኛል፣ ልቤን ያፍነኛል ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም እንደ ተባለ፤ የተደበቀው ሕመም እየበረታ ሄዶ ሰውዬውን ራሱን እስከ ማጥፋት የሚያደርስበት ጊዜ አለ።

የግንብ ሠራተኛ ከሌላው ሰው ይልቅ ስለ ምን ለዚህ ነገር የተጋለጠ ሆነ ቢባል፤ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ከዘመድ መለየት ነው። በከተማ ግንባታ ላይ ከሚውሉት የቀን ሠራተኞች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ጎልማሶች ናቸው። በተወለዱበት መንደር ሳሉ ሰው ቢያዝን ጎረቤት ይጠይቀዋል፤ ቢጣላ ሽማግሌ ያስታርቀዋል፤ ቢታመም ማኅበሩና ዕድሩ ይደርሱለታል። በከተማ ግን ስሙን የሚያውቀው የስም መጥሪያውን ወረቀት የያዘው ተቈጣጣሪ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚፈልገው መገኘቱን እንጂ መደሰቱን ወይም ማዘኑን አይደለም።

ሁለተኛው የሥራው አለመጽናት ነው። አርማታ በሚሞላበት ሳምንት መቶ ሰው ይፈለጋል፤ ሙሌቱ ሲያልቅ ሰማንያው ይሰናበታል። ሲሚንቶ የጠፋ፣ የብረት ዋጋ የወጣ እንደ ሆነ ሥራው ይቆምና ሠራተኛው ተመልሶ ከመንገድ ዳር ቆሞ የሚጠራውን ሰው ይጠብቃል። ለቤተ ሰቡ የሚልከውን ገንዘብ ተስፋ አድርጎ ተበድሮ ሊሆን ይችላልና፤ የማይከፈለው ዕዳ ሌሊቱን ሁሉ በራሱ ላይ ሲዞር ያድራል።

ሦስተኛው አደጋውና ድካሙ ነው። በባሕር ዛፍ አጣና በተሠራ መወጣጫ ላይ ቆሞ ሲለስን የሚውል ሰው፤ ባልንጀራው ከአጠገቡ ወድቆ ሲሞት አይቶ በማግስቱ በዚያው ጣውላ ላይ እንዲወጣ ይታዘዛል። ያየው ነገር ከዓይኑ አይጠፋም። ማታም የሚያድረው ብዙ ጊዜ በዚያው በሥራው ግቢ በቆርቆሮ በተጋረደ መጠለያ ውስጥ፤ ብዙ ሆነው ተጨናንቀው ነው። በዚያ ቦታ ሐዘኑን የሚያስረሳው ቅርብ ነገር አረቄና ጫት ነው፤ አረቄው ግን ለአንድ ሌሊት ቢያስረሳ በማግስቱ ከነወለዱ ይመልሰዋል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ወንድ ልጅ ችግሩን ቢናገር ወንድነቱ እንደሚቀንስ የሚያስቈጥር ልማድ አለ። እንባው ወደ ሆዱ እንዲፈስ የተማረ ሰው፤ ጎርፉ ከውስጥ ግድግዳውን ሲያፈርሰው ማን ያይለታል?

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ባለጠጋ በሆኑት አገሮችም ደርሶ ብዙ አስጨንቋል። በእንግሊዝ አገር የመንግሥቱ የስታትስቲክ መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረውን ሞት መርምሮ በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፤ ሙያ የሌላቸው የጉልበት ሠራተኞች የሆኑ ወንዶች፣ ይልቁንም በግንባታ ላይ ያሉት፣ ራሳቸውን የማጥፋታቸው ነገር ከአገሩ ወንዶች አማካይ ልክ ሦስት እጥፍ ሆኖ መገኘቱን ገልጧል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዓለም ሁሉ ራሳቸውን ያጠፉት ሰዎች 727,000 ያህል መሆናቸውንና፤ ከመቶው ሰባ ሦስት የሚሆኑት የሞቱት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች መሆኑን አስታውቋል። ከእነዚህም ወንዶቹ ከሴቶቹ ይበዛሉ። እንግዲህ «ይህ የጥጋበኞች በሽታ ነው» የሚለው አነጋገር ከቍጥሩ ጋር አይስማማም።

ሕጋችንስ ስለዚህ ነገር ምን ይላል? ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 በ92ኛው አንቀጽ የአሠሪውን ግዴታ ሲዘረዝር፤ የሥራው አካሄድ በሠራተኛው ላይ የአካልና የኬሚካል ጉዳት ብቻ ሳይሆን የሥነ ልቡና ጉዳትም እንዳያመጣበት አሠሪው ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዝዛል። የሥራውንም ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያም አስቀድሞ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው 155ኛው የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ስምምነት፤ በሥራ ላይ ጤና ሲባል ከሥራው ደኅንነት ጋር የተያያዘውን የአእምሮ ነገር ጭምር እንደሚያጠቃልል ይተረጕማል። እንግዲህ የምንለምነው አዲስ ሕግ እንዲወጣ አይደለም። የጐደለው ሕጉን ከወረቀት ወደ ሥራው ቦታ ማውረድ ነው። ተቈጣጣሪው ወደ ግንባታው ግቢ በገባ ጊዜ የራስ ቍር መኖሩንና የመወጣጫውን ጽናት ይመረምራል፤ መልካም ያደርጋል። ነገር ግን ያው ሕግ በዚያው አንቀጽ ያዘዘውን የልቡናውን ነገር የማይጠይቅ ከሆነ፤ የሕጉን እኩሌታ ብቻ ፈጸመ ማለት ነው።

ሊቃውንት እንደሚያውቁት ይህ ሐሳብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ በኦሪት ዘዳግም ታዝዟል፤ የድኻውንም ምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባበት እንዲከፍል በዚያው መጽሐፍ ተጽፏል። ሁለቱ ትእዛዛት በአንድ መጽሐፍ መገኘታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። አንደኛው ሠራተኛው ከሰገነት እንዳይወድቅ፤ ሁለተኛው ከተስፋ እንዳይወድቅ የሚጠብቅ መከታ ነውና።

አንዳንድ ሰዎች ግን «ለቀን ሠራተኛ የሚያስፈልገው እንጀራ እንጂ ምክር አይደለም» ይሉ ይሆናል። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት አለበት፤ ነገር ግን እኩሌታ ነው። የተራበን ሰው በምክር ማጥገብ አይቻልም፤ ደመወዙን የተከለከለውንም ሰው «ታገሥ» ማለት መድኃኒት አይሆንም። ስለ ሆነም የአእምሮ ጤና ጥበቃ የሚጀምረው ዋጋን በቀኑ ከመክፈልና ንጹሕ መኝታ ከመስጠት ነው። ነቢዩ ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን በለመነ ጊዜ የተላከለት መልአክ በመጀመሪያ የሰጠው ተግሣጽ አልነበረም፤ እንጎቻና ውሃ ነበር፤ እንዲተኛም ተወው፤ ሁለተኛም አበላው። ቃሉ የመጣለት ከዚህ በኋላ ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ እንጀራው ብቻውን አላበቃም፤ ቀርቦ የዳሰሰውና ያነሣው ነበረ። እንጀራና አጽናኝ አንዱ ለሌላው ምትክ አይሆንም።

ስለ ወጪውም የሚያስብ ሰው ይህን ይስማ። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር ሆኖ በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንዳስታወቀው፤ ከጭንቀትና ከድብርት የተነሣ በዓለም ሁሉ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን ያህል የሥራ ቀን ይባክናል። በእንቅልፍ ማጣት የደነዘዘ ሰው ብረቱን ያለ ልኩ ይቈርጣል፤ ጣውላውን ሳያስር ይወጣል፤ ራሱም ይወድቃል፤ በሌላውም ላይ ይጥላል። ስለዚህ የልቡናው ጥበቃ ከአካሉ ጥበቃ ተለይቶ የሚቈም ነገር አይደለም።

ሌሎችም ደግሞ «ስለዚህ ነገር መጠየቅ ያላሰበውን ሰው ማሳሰብ ነው» ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ሊቃውንተ ሕክምና መርምረው ያገኙት የዚህን ተቃራኒ ነው። የተጨነቀን ሰው በእርጋታ ቀርቦ፤ ሕይወትህን ለማጥፋት አስበሃልን ብሎ በግልጥ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ይልቁንም ብቻውን የተሸከመውን ሸክም የሚያወርድበት በር ይከፍትለታል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አለመተው፤ ሊጎዳበት ከሚችለው ነገር ማራቅና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

በሥራ የተፈተነ አብነትም አለ። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ግዛት የግንባታ ሠራተኞች ራሳቸውን የሚያጠፉበት ነገር መብዛቱ ስለ ታወቀ፤ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ተስማምተው በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ስሙ ሜትስ ኢን ኮንስትራክሽን ሲሆን፤ የግንባታ ሥራ ባልንጀሮች እንደ ማለት ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። በሥራው ቦታ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ስለ ሕመሙ ምልክት አጭር ትምህርት ይሰማል፤ ከመካከላቸውም በፈቃዳቸው የሚነሡ ጥቂቶች ከፍ ያለ ትምህርት ይማሩና ለመታወቂያ በራስ ቍራቸው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። የተጨነቀው ሰው ወደማያውቀው ሐኪም ከመሄዱ በፊት አብሮት ድንጋይ ወደሚያነሣው ባልንጀራው ይቀርባል፤ ባልንጀራውም ወደ ዐዋቂ ያደርሰዋል። ይህ አሠራር ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ግዛቶችና ወደ ኒውዚላንድ ተስፋፍቷል።

«አውስትራሊያ ባለጠጋ ናት» የሚል ካለ፤ የአፍሪካ አገር የሆነችውን ዚምባብዌን ይመልከት። በዚያ የአእምሮ ሐኪም የሆኑት ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 ጀምሮ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዕድሜ የገፉ እናቶችን አስተምረው በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ሰው እንዲያዳምጡና እንዲመክሩ አደረጉ። ሕዝቡ ሕመሙን «ሐሳብ መብዛት» በሚል በራሱ ቋንቋ ይጠራው ነበርና፤ እናቶቹም በዚያው ቃል አነጋገሩት። በ2016 የታተመው ምርመራም በዚህ መንገድ የተረዱት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ሕመማቸው መቅለሉን አስረድቷል። አንድ ወንበር፣ አንድ አዳማጭ፣ ጥቂት ትምህርት፤ ይህን ለማድረግ አቅም የሚያጣ አገር ይኖራልን?

በእኛም አገር መሠረቱ ተጥሏል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተከፈተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕመምተኞች መጠጊያ ሆኖ ቈይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀምሯል። ጤና ሚኒስቴርም ከ2005 ዓ.ም. አንሥቶ ባወጣው የአእምሮ ጤና ዕቅድ ሕክምናው በልዩ ሆስፒታል ብቻ ሳይወሰን በየጤና ጣቢያው እንዲገኝ ዐስቧል። ሆኖም የጤና ጣቢያው በር ክፍት መሆኑ ብቻ አይበቃም። ከጧት እስከ ማታ በሥራ ላይ የሚውለውና አንድ ቀን ቢቀር የቀኑን ዋጋ የሚያጣው ሠራተኛ ወደዚያ በር እንዴት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

በዚህ ላይ የካህናት አባቶቻችን ድርሻ ትልቅ ነው። ሠራተኛው ለተቈጣጣሪው የማይነግረውን ለንስሐ አባቱ ይነግራል፤ እስላም የሆነውም ለኢማሙ ያዋየዋል። ስለዚህ ምልክቱን ዐውቆ፤ ከጸሎቱና ከምክሩ ጋር «ወደ ሐኪምም ሂድ» ማለት ነፍስን የማዳን ሥራ ነው። ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በተናገሩ ጊዜ አስተምረዋል፤ ይኸው ትምህርት ለአእምሮ ሕመምም ይሠራል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከአጠገቡ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ አጽናኞች ነበሩ፤ «ኃጢአትህ ነው» ብለው መናገር በጀመሩ ጊዜ ግን አድካሚዎች ሆኑ። የሥርዓቱን ነገር ለሊቃውንቱ እንተወዋለን፤ ነገር ግን በሐዘን ቤት ስለ ሞተው የሚነገር የጨከነ ቃል ሙቱን አያስተምረውም፤ በሕዝቡ መካከል ቆሞ ያንኑ ሐሳብ በልቡ የያዘውን ሰው ግን አፉን ይዘጋዋል።

እንግዲህ ባለሥልጣኖቻችን ሊያደርጉት የሚገባቸውን በአጭሩ እናመልክት።

አንደኛ፤ ታላቁ አሠሪ መንግሥት ነውና፤ ለመንግሥት ሕንፃና መንገድ የሚደረገው ውል የሠራተኛውን መጠለያ፣ ንጹሕ ውሃና የባልንጀራ አጽናኞችን ትምህርት በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ለይቶ ያግባ። ለይቶ ካላገባው ይህን የሚያደርግ ቅን ተቋራጭ ዋጋው ከፍ ብሎ በጨረታው ይሸነፋል፤ የሚያሸንፈውም ከሠራተኛው መኝታ የቈጠበው ይሆናል።

ሁለተኛ፤ የሥራ ተቈጣጣሪዎች ከራስ ቍሩ ጋር የሥራውን ሰዓት፣ የመኝታውን ሁኔታና ዋጋው የተከፈለበትን ቀን ይጠይቁ፤ ሰው የሞተበትም ግቢ ቢሆን በቦታው የነበሩት ባልንጀሮቹ በማግስቱ እንዴት እንደ ተያዙ ይመርምሩ።

ሦስተኛ፤ በእያንዳንዱ ታላቅ ግንባታ ከሠራተኞቹ መካከል የታመኑ ሰዎች ተመርጠው በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ይማሩ፤ ከዚያም ጋር ይገናኙ። ችግሩን የተናገረ ሰው ምስጢሩ እንዲጠበቅለትና ስለ ተናገረ ከሥራ እንዳይሰናበት የታወቀ ትእዛዝ ይሰጥ፤ ይህ ካልሆነ ማንም አፉን አይከፍትምና።

አራተኛውና የመጨረሻው ለእኛው ለመሥሪያ ቤት ሰዎች የሚሆን ነው። ተቋራጩ ለሠራው ሥራ የሚከፈለው ገንዘብ የሚወጣው በፊርማ ነው። ያ የክፍያ ወረቀት በአንድ ሹም ጠረጴዛ ላይ ሳይፈረም አንድ ወር የተኛ እንደ ሆነ ተቋራጩ ለንኡስ ተቋራጩ፤ እርሱም ለቡድን መሪው፤ የቡድን መሪውም ለሠራተኛው «ነገ» ይለዋል። መዘግየቱ ከላይ ሲጀምር የጥቂት ቀን ነገር ይመስላል፤ ከታች ሲደርስ ግን የአንድ ሰው ሌሊት ይሆናል፤ ዕዳ ይሆናል፤ ለሚስቱ ያልተላከ ብር ይሆናል። በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ነገር ወረቀት ብቻ የሚመስለው ሹም፤ ከወረቀቱ በታች ሰው መኖሩን ያስብ። የአእምሮ ሐኪም ለመሆን ብዙ ዓመት መማር ያስፈልጋል፤ በቀኑ ለመፈረም ግን ምንም ትምህርት አያስፈልግም።

ሕንፃ ቢሰነጠቅ መሐንዲስ ተጠርቶ ይመረመራል፤ ምሰሶው ይታሰራል፤ መሠረቱ ይጠናከራል። የሰው ልብ ሲሰነጠቅ ግን «ይቻለዋል፤ ወንድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ድንጋይ ከሰው የሚበልጥ ክብር ሊያገኝ አይገባም። ግንቡ የሚቆመው ለሰው ነውና፤ ግንቡን የሚያቆመው ሰው እንዳይወድቅ ሳይቃጠል በቅጠል እንድንደርስለት፤ ሹሙ በፊርማው፣ አሠሪው በገንዘቡ፣ ካህኑ በቃሉ፣ ባልንጀራውም በጆሮው እንዲተባበር አደራ እንላለን።